የጥጃ ተቅማጥ፦ የአንጀት ቫይረስን ከጓሮ እስከ ላቦራቶሪ መለየት፣ ደረጃ በደረጃ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ አንድ ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ጓሮ አስሮ ወተት የሚሸጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። ከሆሮ ላምና ከጀርሲ ወይም ከሆልስታይን ፍሪዥያን የተገኘች ጥጃ ነገ ታላቢ ላም ናት። ያቺ ጥጃ በሳምንቷ ቢጫ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ስትጀምር ብዙ ሰው የሚሮጠው የኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ ለመግዛት ነው። የተቅማጡ ምክንያት ቫይረስ ከሆነ መርፌው ቫይረሱን አይነካውም። ጥጃዋን የሚገድላትም ብዙውን ጊዜ ከሰውነቷ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው።

ስለዚህ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ ናሙና ይወስዳሉ፣ ጥጃዋን ያጠጣሉ። ናሙናው ይቀድማል፤ መጠጡ ወዲያው ይከተላል፤ መድኃኒት የሚመጣው ባለሙያ ካዘዘ ብቻ ነው። ናሙና መውሰድ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ጥጃዋን አይጎዳትም። ይህን ቅደም ተከተል ከያዙ የዛሬዋን ጥጃ ያተርፋሉ፣ ለሚቀጥለው ወሊድም ምን መከላከል እንዳለብዎ ያውቃሉ።

ቫይረሱ ምን ይሠራል?

ሮታ ቫይረስ በጥጆች ላይ የታወቀው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ ቻርልስ ሜበስና ባልደረቦቹ ተቅማጥ ከያዛቸው ጥጆች አገኙት። ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ላይ ዘመዱን በሕፃናት አንጀት ውስጥ አዩት።

ቫይረሱ በአፍ ይገባል። ከእበት፣ ከቆሸሸ ጡት፣ ከባልዲ ወይም ካልታጠበ እጅ ይመጣል። ትንሿ አንጀት ሲደርስ ምግብ የሚመጥጡትን ጥቃቅን ዘንጎች ከጫፋቸው ያበላሻል። ያን ጊዜ ወተቱ በደንብ አይፈጭም። ያልተፈጨው የወተት ስኳር ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይበረታል። የዘንጎቹ ሥር ግን በሕይወት ይቆያል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም የተጎዳውን ይተካል። የእርስዎ ሥራ ጥጃዋን እስከዚያ ድረስ ውኃ ሳያንሳት ማቆየት ነው።

የከብት ኮሮና ቫይረስም እንዲሁ ይጎዳል፤ ትልቁን አንጀት ጭምር ስለሚነካ ግን ይከፋል። ይህ በሰው ላይ ኮቪድ-19ን ካመጣው ቫይረስ የተለየ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ላሟ ሳትወልድ ያዘጋጁ

ከመድኃኒት ቤት ይግዙ፦ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ንጹሕ የሰገራ መመርመሪያ ኩባያ ቢያንስ 6፣ የሚጣል ጓንት፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ቫዝሊን፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ 10 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ (ለምለም)።

ከሱቅ ይግዙ፦ ውኃ የማይለቀው ማርከር፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ወፈር ያለ ፌስታል፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ የጥጃ ጡጦ፣ ክዳን ያለው ትንሽ የበረዶ ሣጥን።

የበረዶ ጥቅል ካላገኙ ግማሽ ሊትር በሚይዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውኃ ይሙሉና ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩ። እስከ አፉ አይሙሉ፤ ውኃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ቴርሞሜትሩ ላይ «ጥጃ» ብለው ይጻፉ። ለሰው እንዳይውል ከቤቱ ዕቃ ይለዩት።

ደረጃ 2፦ ዕድሜዋን በቀን ይቁጠሩ

የተወለደችበትን ቀን 1 ብለው ይጀምሩ። ተቅማጡ በስንተኛው ቀን እንደጀመረ ይጻፉ። ይህ ቁጥር ከሁሉም በላይ ይጠቁማል።

ከ1 እስከ 4 ቀን ከሆናት ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ይጠርጥሩ፤ በተለይ ኬ99 የሚባለውን ዓይነት። ጥጃን በአንድ ቀን ሊጥል ይችላል።

ከ5 እስከ 14 ቀን ከሆናት ሮታ ቫይረስን፣ ኮሮና ቫይረስን እና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ይጠርጥሩ። ሦስቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ባንድ ጥጃ ላይ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

2 ሳምንት ካለፋት፣ ትኩሳት ካላትና ተቅማጡ ደም ወይም የአንጀት ልጣጭ ካለበት ሳልሞኔላን ይጠርጥሩ። 3 ሳምንት ካለፋት፣ ጅራቷን አንስታ የምታምጥና ደም የምታወጣ ከሆነ ደግሞ ኮክሲዲያን።

ደረጃ 3፦ ተቅማጡን በብርሃን ይመልከቱ

በረቱ ጨለማ ከሆነ ጥጃዋን ወደ ደጅ ያውጡ። ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ ደም መኖሩን፣ ሽታውን ያስተውሉና ይጻፉ።

በቫይረስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ቢጫ፣ ውኃ መሰል ነው፤ ያልተፈጨ የወተት እርጎ ይታይበታል፤ ንፍጥ ሊኖረውም ይችላል። ደም ብዙ አይታይበትም። የጅራቷን ሥርና የኋላ እግሮቿንም ይዩ፤ ሌሊት ያስቀመጣት ጥጃ እዚያ ላይ የደረቀ ቢጫ ቅርፊት ይዛ ታድራለች።

እንገርና ወተት በደንብ የጠጣች ጥጃ ለስለስ ያለ ቢጫ እበት ብትጥል ይህ በሽታ አይደለም። ከተነሣች፣ ከጠባች፣ ከዘለለች ይተዉዋት።

ደረጃ 4፦ ትኩሳቷን ይለኩ

የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቫዝሊን ይቀቡ። ጅራቷን ወደ ጎን ያድርጉ። ጫፉን በፊንጢጣዋ ቀስ አድርገው ያስገቡና ወደ አንጀቱ ግድግዳ ዘንበል ያድርጉ። እስኪጮህ ይጠብቁ።

ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጤናማ ነው። ከ39.5 ካለፈ ትኩሳት አለ፤ ለባለሙያ ይንገሩ። ከ38 በታች ከወረደ ጥጃዋ እየቀዘቀዘች ነው፤ ይህ ከትኩሳቱ ይበልጥ ያስፈራል።

ቴርሞሜትሩን በሳሙና ይጠቡ፣ በአልኮል ይጥረጉ።

ደረጃ 5፦ ምን ያህል ውኃ እንዳጣች ይመርምሩ

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። የሕክምናው መጠን የሚወሰነው እዚህ ነው።

የአንገቷን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥረው ያንሱ። ይልቀቁ። ቆዳው ወደ ቦታው እስኪመለስ በሰከንድ ይቁጠሩ። እስከ 2 ሰከንድ ከተመለሰ ደህና ነው። ከ2 እስከ 6 ሰከንድ ከቆየ ውኃ አጥታለች። ከ6 ሰከንድ በላይ ከቆየ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ዓይኗን ይመልከቱ። ወደ ውስጥ ከገባና በዓይኗና በሽፋኑ መካከል ክፍተት ከታየ ብዙ ውኃ አጥታለች።

ንጹሕ ጣትዎን አፏ ውስጥ ያስገቡ። ሙቀቱን ይሰማሉ። ትጠባለች? አፏ ሞቅ ብሎ ጣትዎን በብርታት ከጠባች በአፍ ማጠጣት ይበቃታል። አፏ ከቀዘቀዘና መጥባት ካቆመች አንጀቷ ፈሳሹን በቂ አድርጎ አይቀበልም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልጋታል።

ደረጃ 6፦ ባለሙያ የሚጠራበትን መስመር ይወስኑ

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፦ መነሣት አቅቷታል፣ አትጠባም፣ አፏ ቀዝቅዟል፣ ቆዳዋ የሚመለሰው ከ6 ሰከንድ በኋላ ነው፣ ደም ታወጣለች፣ ከ39.5 በላይ ትኩሳት አላት፣ ወይም ገና 4 ቀን አልሞላትም።

ሐኪሙ እስኪደርስ ናሙናውን ይውሰዱ። ጥጃዋን በደረቅ ጭድ ላይ ያስተኙ፣ በጆንያ ይሸፍኑ።

ደረጃ 7፦ ናሙናውን ይውሰዱ

ተቅማጡ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወስዱ ይሻላል፤ ቢዘገይም ከ48 ሰዓት አይለፍ። ቫይረሱ በብዛት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሳምንት ቆይቶ የተወሰደ ናሙና ቫይረሱ ጥጃዋን አሞ ከሄደ በኋላም «የለም» ሊል ይችላል።

ጓንት ያድርጉ። የጥጃዋን ፊንጢጣ ዙሪያ በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፤ በረኪና አይንካው። ሌላ ሰው ጥጃዋን ያቁምልዎ።

አንድ ጣትዎን ቫዝሊን ሳይቀቡ በውኃ ብቻ አርጥበው ፊንጢጣዋን ቀስ አድርገው ያሹ። ጥጃዋ ወዲያው ትጥላለች። ኩባያውን ከታች ይደግኑና በቀጥታ ይቀበሉ። መሬት የነካውን አይውሰዱ፤ የአፈርና የሌላ ከብት እበት ይቀላቀልበታል።

በአንድ ኩባያ 10 ግራም ያህል፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ሙሉ፣ ይበቃል። እስከ አፉ አይሙሉ። ከአንድ ጥጃ ሁለት ኩባያ ይውሰዱ፤ አንዱ ለቫይረስ፣ ሌላው ለባክቴሪያና ለጥገኛ ተሕዋስ ነው። ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ። በውጭ በኩል በአልኮል ይጥረጉ።

ኩባያው ውስጥ ምንም አይጨምሩ። አልኮል፣ ፎርማሊን፣ በረኪና ሁሉም ምርመራውን ያበላሻሉ።

ሌሎች ጥጆችም ከታመሙ ገና መድኃኒት ካልተሰጣቸውና ተቅማጣቸው አዲስ ከሆነው ከ3 እስከ 5 ያህሉን ይምረጡ። ከጤነኛ ጥጃም አንድ ናሙና ይጨምሩ። ለምን? ጤነኛ የሚመስል ጥጃ ሮታ ቫይረስን በእበቱ ሊያወጣ ይችላል። ታማሚዎቹን ከጤነኛዋ ጋር ሲያነጻጽሩ ነው ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው።

ጥጃ ከሞተች ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ በማግስቱ የተከፈተ ሬሳ ስለ ቫይረሱ ብዙም አይናገርም። ራስዎ አይክፈቱት።

ደረጃ 8፦ ኩባያው ላይ ይጻፉ

ክዳኑ ላይ ሳይሆን ኩባያው ላይ ይጻፉ። ክዳን ይቀያየራል። ፕላስተር ይለጥፉ፣ በማርከር ይጻፉ፦ የጥጃዋ መለያ፣ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት።

በተለየ ወረቀት ደግሞ ይህን ይመዝግቡ፦ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌና ወረዳ፣ የጥጃዋ ዕድሜና ዝርያ፣ ተቅማጡ የጀመረበት ቀን፣ ስንት ጥጃ እንዳለ፣ ስንቱ እንደታመመ፣ ስንቱ እንደሞተ፣ የተሰጠ መድኃኒት ካለ ስሙና ቀኑ፣ እንገር በስንት ሰዓቷ እንደጠጣች። መርፌ ተሰጥቷት ከሆነ አይደብቁ፤ የባክቴሪያ ምርመራውን ስለሚያዛባ ላቦራቶሪው ማወቅ አለበት።

ወረቀቱን በተለየ ፌስታል ያሽጉ። ከናሙናው ጋር ካስቀመጡት ረጥቦ ይጠፋል።

ደረጃ 9፦ ያሽጉና ያቀዝቅዙ

እያንዳንዱን ኩባያ በጥጥ ይጠቅልሉ፤ ቢፈስ ጥጡ ይመጥጠዋል። ፌስታል ውስጥ ያስገቡና ይቋጥሩ። በሁለተኛ ፌስታል ይድገሙት። ከዚያ የበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ።

የረጋው ጠርሙስ ኩባያውን በቀጥታ እንዳይነካ መካከላቸው ጋዜጣ ይጣሉ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈለጋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ የሚደርስ ከሆነ ማቀዝቀዝ ብቻ ይበቃል። የሚዘገይ ከሆነ የቫይረሱን ኩባያ ፍሪዘር ውስጥ ያድርጉ፤ ሁለተኛውን ግን በፍጹም አያርጉት። ጥገኛ ተሕዋሱን ያፈራርሰዋል፣ ባክቴሪያውንም ይጎዳል።

የምግብ ፍሪጅ አይጠቀሙ። ሌላ ከሌለዎት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም የከተማውን የእንስሳት ክሊኒክ ይጠይቁ፤ ክትባት የሚያስቀምጡበት ፍሪጅ ካላቸው ናሙናውን የት ማቆየት እንደሚቻል ያመለክቱዎታል።

ደረጃ 10፦ ወደ ላቦራቶሪ ያድርሱ

በመጀመሪያ ለወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ። ናሙናው በእርሱ በኩል ቢሄድ ይሻላል።

ለምዕራብ ኦሮሚያ ቅርቡ በደሌ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ነው። ነቀምቴ ላይ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። በአገር ደረጃ ደግሞ ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ።

ሳይልኩ ይደውሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሮታና የኮሮና ቫይረስ ምርመራ በአሁኑ ጊዜ ትሠራላችሁ? ናሙናው በምን ሁኔታ ይምጣ? ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል? መመርመሪያው ያለቀበት ላቦራቶሪ ድረስ መጓዝ ናሙናንም ገንዘብንም ያባክናል።

ዓርብ አይላኩ። ሣጥኑ ቅዳሜና እሑድ በር ላይ ይቀራል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማለዳ ያስነሡት።

ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ በአርጆ አልፎ ዴዴሳን ይሻገራል። ሸለቆው ሞቃት ነው። ለደጋው የሚበቃ በረዶ እዚያ ይቀልጣል፤ ሁለት ጠርሙስ ይጨምሩ። ሣጥኑን ከመኪናው ጣሪያ ላይ አይጫኑ፣ ከሞተሩም አጠገብ አያስቀምጡ። ሰበታ የሚልኩ ከሆነ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያም በጅማ መንገድ ይቀጥላል፤ በረዶውን ለሙሉ ቀን ያስቡ።

ደረጃ 11፦ ጥጃዋን ያጠጡ

ይህ ደረጃ ናሙናው ከኩባያው እንደገባ ይጀምራል። ውጤት አይጠብቅም።

አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡ። ከረጢቱ የሚለውን መጠን አያብዙ፣ አያሳንሱ። ይህ ለሰው የተዘጋጀ ስለሆነ የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ ለጥጃ የተዘጋጀ ዱቄት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ካገኙ እርሱን ያስቀድሙ።

ከረጢት ካጡ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ይጨምሩ። ጨውን በእጅ አይገምቱ። ጨው የበዛበት መጠጥ ጥጃን ይገድላል።

ለብ ያድርጉት። በእጅዎ ጀርባ ሲያስነኩት ሞቅ ቢል ይበቃል።

ጥጃዋን ያቁሙ። በጡጦ ይስጧት። 25 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ በአንድ ጊዜ 1 ሊትር፣ በቀን 3 ጊዜ። ተቅማጡ ከበረታ አንድ ጊዜ ይጨምሩ። የበጠበጡትን በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ፤ የተረፈውን ይድፉ።

በጠርሙስ አይጋቷት። ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀልብሶ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባ ይሰደዋል። የማትጠባ ጥጃ የሚያስፈልጋት ሐኪም ነው።

ወተት አይከልክሏት። «ወተት ይባባስባታል» ብሎ ለቀናት ማስጾም ብዙ ጥጃ ይጎዳል፤ ዘንጎቹን መልሳ የምትተካው በወተቱ ጉልበት ነው። የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል፣ ለ25 ኪሎ ጥጃ 2 ሊትር ተኩል፣ በቀን ውስጥ ከፋፍለው ይስጧት። ወተቱንና ኦ.አር.ኤሱን አይቀላቅሉ። በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሰዓት ይተዉ።

ለሰው የታዘዘ ተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን አይስጧት። አንጀቷን ያስረዋል፤ መርዙ ውስጥ ይቀራል።

ጠዋትና ማታ ደረጃ 4ንና 5ን ይድገሙ። ቁጥሩን ይጻፉ። ቆዳዋ ፈጥኖ መመለስ ከጀመረ ተቅማጡ ገና ባይቆምም እየዳነች ነው።

ደረጃ 12፦ ይለዩ፣ ያጽዱ

የታመመችውን ወደተለየ ደረቅ ቦታ ይውሰዱ። ጤነኞቹን አስቀድመው ያጥቡ፣ ያጠጡ፤ ወደ ታማሚዋ መጨረሻ ላይ ይሂዱ። የእርሷ ባልዲና ጡጦ ለእርሷ ብቻ ይሁን።

ጉዝጓዙን ጠርገው ያውጡና ያቃጥሉ ወይም ሌሎች ከብቶች ከማይደርሱበት ይቅበሩ። ወለሉን በሳሙናና በውኃ ይፈትጉ። ከዚያ ብቻ በረኪና ያፍሱ፤ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ። እበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን ያጣል፤ መፈተጉ ይቀድማል።

ሳሙና ኮሮና ቫይረስን ያፈርሳል። ሮታ ቫይረስን ግን ከቦታው ያነሣዋል እንጂ አይገድለውም፤ በእበት ውስጥ ለወራት ሊቆይም ይችላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም ደግሞ በረኪናውንም ይቋቋማል፤ እርሱን የሚጎዳው ድርቀትና ሙቀት ነው። ስለዚህ ካጸዱ በኋላ ቦታው እስኪደርቅ ፀሐይ ያስመቱት። በወለጋ ክረምት ይህ አይሆንም፤ ያኔ ኖራ ይበትኑ፣ ጣሪያ የማያፈስበትን ጥግ ይምረጡ፣ ጭዱን በየቀኑ ይቀይሩ።

ልጆችን ከታመመች ጥጃ ያርቁ። ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳልሞኔላ ሰውን ይይዛሉ። እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ፣ ሕፃን አያቅፉ። ሕፃን ካለዎት የሮታ ክትባቱን እንዳያሳልፉ፤ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በመደበኛ ክትባት ውስጥ አስገብታዋለች፣ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል። ያ ክትባት ለሕፃን እንጂ ለጥጃ አይደለም።

ደረጃ 13፦ ውጤቱን ያንብቡ

የእንስሳት ሐኪምዎ የስትሪፕ መመርመሪያ ካለው ውጤቱን እዚያው ያያሉ። ትንሽ ተቅማጥ ከኪቱ ፈሳሽ ጋር ይበጠብጣል፣ ስትሪፑን ይነክራል፣ የኪቱ መመሪያ ያለውን ደቂቃ ይጠብቃል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ሌላው ምንም ቢያሳይ ምርመራው አልሠራም፤ በአዲስ ስትሪፕ ይድገመው። ከተባለው ደቂቃ በኋላ ብቅ ያለ ደብዛዛ መስመር አይቆጠርም።

ላቦራቶሪ በኤላይዛ ወይም በፒ.ሲ.አር ይሠራል። ኤላይዛ የቫይረሱን አካል ይፈልጋል። ፒ.ሲ.አር የዘር መልእክቱን ያባዛል፤ ስለዚህ ጥቂት ቫይረስም አያመልጠውም። ውጤቱን ሲቀበሉ የትኛው እንደተሠራ ይጠይቁ።

«ሮታ አለ» ቢል በስንት ናሙና ላይ እንደተገኘ ይዩ። በታመሙት ሁሉ ላይ ተገኝቶ በጤነኛዋ ላይ ካልተገኘ ምክንያቱ ያ መሆኑ አሳማኝ ነው። በታመመችውም በጤነኛዋም ከተገኘ ሌላ ምክንያት አብሮ መፈለግ አለበት። «የለም» ቢል ናሙናው መቼ እንደተወሰደና እንዴት እንደተጓጓዘ መለስ ብለው ያረጋግጡ።

ቫይረስ ብቻ ከሆነና ትኩሳት ከሌለ ፀረ ባክቴሪያ አይስጡ። ባክቴሪያ ከተገኘ ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍልዎ። የታዘዘውን ቀን ሁሉ ይጨርሱ።

አሳማ ለሚያረቡ

አሳማ በወለጋ ብዙም አይረባም፤ እርባታው በብዛት ያለው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ግልገሎች ላይ ከደረጃ 7 እስከ 10 ያለው አወሳሰድ እንዳለ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ እናት ግልገሎች ከሁለት ሦስቱ ናሙና ይውሰዱ። በአሳማ ላይ ግን አንድ ነገር ይለያል። በኮሮና ቫይረስ የሚመጣው የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የታየው፣ በ1978 ቫይረሱ የተለየው፣ በትልልቆቹም በትንንሾቹም ላይ ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ማስመለስ አለው፤ ከሳምንት በታች ያሉ ግልገሎችን አብዛኞቹን ይገድላል። ጋጡ በሙሉ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከታመመ ማንም እንዳይገባ፣ ምንም እንስሳ እንዳይወጣ ያድርጉ፣ በዚያው ቀን ለወረዳው ያሳውቁ።

ደረጃ 14፦ ለሚቀጥለው ወሊድ ይዘጋጁ

ውጤቱ እጅዎ ላይ እያለ የሚቀጥለውን ላም ያስቡ። ሮታ ወይም ኮሮና ከተረጋገጠ ሐኪምዎን ስለ እርጉዝ ላም ክትባት ይጠይቁ፤ ክትባቱ ላሟን ከመውለዷ ከሳምንታት በፊት ሲሰጥ መከላከያው በእንገሯ ውስጥ ይወጣል።

ላሟን አጽድተው በደረቀና ሌላ ጥጃ ባልታመመበት ቦታ ያስወልዱ። ጡቷን በለብ ውኃ ያጥቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ጥጃዋ በተወለደች በ2 ሰዓት ውስጥ እንገር ትጠጣ። የ20 ኪሎ ጥጃ 2 ሊትር ያስፈልጋታል። ካልቻለች ይለቡና በጡጦ ይስጧት። አንጀቷ መከላከያውን ወደ ደም የሚያስገባው በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ይቀንሳል፣ 24 ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። እንገርን ለሰው ብለው አይቀንሱባት፤ የሚተርፈውን በኋላ ይውሰዱ።

እስከ 2ኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ በየወተቱ ጊዜ ጥቂት እንገር ቀላቅለው ቢሰጧት መከላከያው አንጀቷ ውስጥ ሆኖ ቫይረሱን ያገኘዋል። ለዚህ የሚሆን እንገር ከመጀመሪያው ዕለት በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። ሲያስፈልግ በለብ ውኃ ውስጥ ነክረው ያቅልጡት፤ እሳት ላይ አይጣዱት። ሙቀቱ መከላከያውን ያበላሻል።